ልብስ የተሰፋለት የአየር መለኪያ

ይድረስ ለተከበሩት የክልላችን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ጠዋት ጠዋት ከምተፋው ጥቁር አክታና ዳገት ስወጣ ደረቴን ጨምድዶ ከሚይዘኝ ነገር በቀር፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ደኅና ነኝ። መሥሪያ ቤትዎ ከከተማው ማዶ፣ ነፋሱ ከሚነሣበት ኮረብታ ላይ፣ በዛፍ ተከቦ የተሠራ ስለሆነ የእርስዎ ጤና ብዙ እንደማያሳስብ ባውቅም፣ ሰላምታ ሳያደርሱ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነውና ወጉን ልፈጽም ብዬ ነው። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና ለልጅ ልጆችዎም ሙሉ ጤና ከረጅም ትንፋሽ ጋር እመኛለሁ።

ማን እንደሆንኩ ልናገር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ አንድ ደብዳቤ ከየት ተነሥቶ፣ በማን ጠረጴዛ አልፎ፣ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንደሚያርፍ ማንም እንዲያስረዳኝ አያስፈልግም። «ለሚመለከተው ይመራ» የተባለ ወረቀት ስንት ክፍል እንደሚዞርና የሚመለከተው ሰው ሁልጊዜ ለስብሰባ የወጣው ሰው እንደሆነ አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌን እባክዎ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። በፖስታ እያሸግሁ የላክኋቸው ሁሉ ወዴት እንደገቡ ስላልታወቀ፣ የዛሬውን አላፊ አግዳሚው እንኳ ቢያነበው ሜዳ ላይ አይቀርም ብዬ ነው።

የምኖረው ያረጀ የመኪና ጎማ በምድጃ እያቀለጠ ዘይት ከሚያወጣው ፋብሪካ ጀርባ ነው። በቤቴ የኋላ ግድግዳና በፋብሪካው አጥር መካከል ሰው የሚያልፈው በጎኑ ተጠግቶ ነው። የሰፈሩ ሰው ጭስ ማውጫውን «ጋሼ» ይለዋል፤ ረጅም ስለሆነ፣ ማጨስ ስለማያቆምና ደፍሮ የሚቆጣው ስለሌለ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ፋብሪካው ሳይመጣ የሰፈሩን ሙሽሮች የምታለብስ እሷ ነበረች። ጋሼ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ጠዋት የዘረጋችው ነጭ ጨርቅ ማታ ስታነሣው አመድማ ይሆንባት ጀመር፤ አንዲት ሙሽራም ቀሚሷን ልትለካ መጥታ ትከሻው ላይ ጥላሸት ብታይ ቁጭ ብላ ስላለቀሰች፣ ባለቤቴ ነጭ መስፋት ተወች። ከዚያ በኋላ ጥቁር ሱሪና ሰማያዊ የተማሪ ልብስ ብቻ ነበር የምትቀበለው። ሳሉም የመጣው ያኔ ነው፤ መጀመሪያ ስትተኛ፣ ቀጥሎ መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ፣ በኋላ ደግሞ ስትስቅ ሁሉ።

እንግዲህ እርስዎ ቅሬታ ሊሉት የሚችሉትን፣ እኔ ግን ምስጋና ብዬ የማቀርበውን፣ ለመዝገብ ቤትዎ እንዲመች በቁጥር ከፋፍዬ እንደሚከተለው አስፍሬዋለሁ።

፩ኛ/ ስለ ፈቃዱ። ፋብሪካው ሲከፈት ጭሱን የሚያጣራ ማጣሪያ «በተቻለ ፍጥነት» እንዲተክል የሚል ግዴታ በፈቃዱ ላይ መጻፉን ሰምተን ደስ ብሎን ነበር። ፈቃዱ ሲታደስ ግዴታውም አብሮ ታደሰ፤ ዳግመኛ ሲታደስም በአዲስ ወረቀት ላይ፣ ባማረ ፊደል እንደገና ተጻፈ። ማጣሪያው ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብን ቀርቷል። በእድሳቱ ላይ ነዋሪው አስተያየቱን እንዲሰጥ ማስታወቂያ መለጠፍ ሕጉ የሚያዘው ነውና መሥሪያ ቤትዎ ይህንንም አላጓደለም። የተለጠፈው ከፋብሪካው በር ወደ ውስጥ፣ ከጥበቃው ክፍል ጎን ነው። እዚያ የሚገባው የፋብሪካው መታወቂያ ያለው ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ላንብበው ብዬ ስለምነው ጥበቃው በጣም አዝኖ «አባባ፣ እርስዎን ባስገባ እኔ ነኝ የምወጣው» ብሎ መለሰኝ። በመጨረሻ ምድጃው ላይ የሚሠራው የጎረቤቴ አማች አንብቦ ነገረን። የነገረን ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ነው፤ እሱም ቀና ብሎ ሲያነብ እንዳይታይ ፈርቶ፣ ባለፈ ባገደመ ቁጥር አንዳንድ መስመር እያነበበ ስለነበር ነው የዘገየው። ከነዋሪው የቀረበ ተቃውሞ እንደሌለ በሪፖርታችሁ ላይ ሳይ አልገረመኝም።

፪ኛ/ አደጋ ሲደርስ ስለምታሳዩት ቅልጥፍና። ባለፈው ዓመት በፋብሪካው ግቢ የተከመረው ጎማ በእሳት ተያይዞ እኩለ ቀን ላይ የመሸ ሲመስል፣ ሰፈሩን ወክዬ ወደ መሥሪያ ቤትዎ የመጣሁት እኔ ነበርኩ። በመስኮቱ የተቀበለችኝ ሠራተኛ የልጄ እኩያ የሆነች ትሑት ሴት ናት፤ ወንበር ሰጥታ፣ ውሃ አቅርባ፣ የብክለት ማሳወቂያውን ቅጽ ራሷ ልትሞላልኝ ጀመረች። የበካዩ ዓይነት የሚለው ቦታ ስንደርስ ጥቁር ጭስ መሆኑን ነገርኳት። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ተመልክታ «አባባ፣ ጥቁር የሚባል በካይ የለንም» አለችኝ። «ሌላ» በሚለው ሥር ትጻፍልኝ ብዬ ስለምናት ደግሞ፣ ሌላ ከተባለ የላቦራቶሪ ውጤት መያያዝ እንዳለበት በትዕግሥት አስረዳችኝ። ይህን ስንነጋገር ሁለታችንም ጭሱን በመስኮት እያየነው ነበር።

ተቆጣጣሪዎችዎ የደረሱት እሳቱ ከጠፋ፣ ዝናብ ዘንቦም ግድግዳችንን ካጠበው በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ተብሎ እንዳይታማባቸው ግን ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም። ከሰፈሩ ጥግ ተቀምጦ ሶል የሚለጥፈው ጫማ ሠሪ ማስቲሹን የሚያሞቅባት የጣሳ ምድጃ ስላለችው፣ ጎማ በማቃጠል አየር በክለሃል የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፈው ሰጡት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ብለው ያሾፉ ነበሩ። ጫማ ሠሪው ግን ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ከራስጌው በላይ ሰቅሎታል፤ ከመንግሥት ቤት በስሙ የተጻፈ ደብዳቤ ደርሶት ስለማያውቅ እስከ ዛሬ ለደንበኛ ሁሉ ያሳየዋል።

፫ኛ/ ልቤን ከሁሉ ይበልጥ የነካው ውለታችሁ የአየር መለኪያው ነው። ስሞታችን ሲበዛ መሣሪያ ሊተከልልን ተወሰነ፤ ለፋብሪካው የሚቀርብ ቤት ስላልተገኘም ምሰሶው የቆመው በእኔ ግቢ ጥግ ነው። ንብረቱን በአደራ መረከቤን ፈረምኩ፤ መሣሪያውን የነካ በሕግ እንደሚጠየቅ ማወቄንም አብሬ ፈረምኩ። ትንሽ ነጭ ሣጥን ናት፤ ከጎኗ አየር የምትስብበት ቀዳዳ አላት። ባለቤቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና እያለች በመስኮት ታያትና «እኛን ካላመኑን እሷን ይመኗት» ትል ነበር። ብዙም ሳይቆይ መሣሪያዋ የእኛን አየር ስባ ስባ ታፈነች፤ ቀዳዳዋ በጥላሸት ተደፈነ። ቴክኒሻናችሁ፣ የአራት ልጆች አባት የሆነ ደግ ሰው፣ ፈትቶ ወስዶ አጽድቶ መለሳት። ተመልሳ ታፈነች።

በዚህ ጊዜ የንብረት ክፍላችሁ ተቆጣ። ብዙ ወጪ ወጥቶበት ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ በቸልተኝነት ሲበላሽ ዝም ብሎ እንደማያይ ገልጾ፣ መሣሪያዋ ከማንኛውም ጭስና አቧራ ተጠብቃ እንድትቀመጥ በጽሑፍ አዘዘ። ክቡር ሆይ፣ በሥራ ዘመኔ ብዙ ትእዛዝ መዝግቤያለሁ። የጭስ መለኪያ ከጭስ ይጠበቅ የሚል ግን ገጥሞኝ አያውቅም፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ መነጽሬን እየወለወልኩ አነበብኩት።

ቴክኒሻኑ የተሸፈነ መሣሪያ አየር እንደማይለካ ለአለቆቹ ሲነግራቸው፣ እሱ የተቀጠረው ለመትከል እንጂ ስለ ንብረት አያያዝ ለመምከር እንዳልሆነ ተነገረው፤ ዕቃዋ ዳግመኛ ብትበላሽ ከደመወዙ እንደሚቆረጥም ተጨመረለት። ሸራ ይዞ፣ ፊቱ ጠቁሮ መጣና መለዋወጫ እስኪገኝ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሆነ ነግሯት ባለቤቴን «እትዬ፣ በልኳ ይስፉልኝ፤ እኔ አስሬ ባበላሸው በኔ ነው የሚመጣው» ብሎ ለመናት። ባለቤቴ የሰው ጭንቀት አይታ ማለፍ አታውቅበትም። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች፤ የመሣሪያዋን ትከሻና ወገብ ለካች፤ እያሳለች ድርብ ስፌት ሰፋችላት፤ ከሥሩ ማሰሪያ አስገባችለት። ሽፋኑን ስታለብሳት «ሙሽራ ካለበስኩ ስንት ጊዜዬ» ብላ ሳቀች። የእጇን ዋጋም አልተቀበለችውም።

የንብረት ክፍሉ ሰዎች መጥተው አዩትና በጣም ወደዱት። ማሰሪያው ላይ ካልተቆረጠ የማይፈታ የእርሳስ ማኅተም አደረጉበት፤ ሽፋኑንም በንብረት ካርድ መዝግበው የመሣሪያዋ አካል አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ሸራው ይውለቅልን ብዬ ላመለከትኩት ሁሉ የተሰጠኝ መልስ፣ የተመዘገበ ንብረት ከቦታው ማንሣት እንደማይቻል የሚገልጽ ነው። መለዋወጫው አልመጣም። መሣሪያዋ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ታማ አታውቅም። በዚህች ግቢ ውስጥ ከጭስ እንድትጠበቅ መመሪያ የወጣላት ፍጥረት እሷ ብቻ ስለሆነች፣ አንዳንድ ቀን ከፊቷ ቆሜ እቀናባታለሁ።

፬ኛ/ ስለ ደረጃችን። በዓመቱ መጨረሻ ባወጣችሁት መግለጫ ሰፈራችን በአየሩ ንጽሕና ከክልሉ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው መሣሪያው ገና ከካርቶኑ ያልወጣለት ሰፈር መሆኑን ቴክኒሻኑ በኋላ ሹክ ብሎኛል፤ ስለዚህ ተበለጥን ብዬ አልከራከርም። ባለቤቴ ዜናውን በሬዲዮ ስትሰማ መኪናዋን አቁማ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ ሳሉ አልቆም አለ፤ ከንፈሯ ሲጠቁር ጎረቤት ተሰብስቦ ጤና ጣቢያ አደረስናት። ያከመቻት ሐኪም ደረቷን ካዳመጠችና መድኃኒቱን ከሰጠቻት በኋላ እኔን ለብቻዬ ጠርታ፣ እዚያው ቤት ከቆየች መድኃኒት ብቻውን እንደማያድናትና ንጹሕ አየር ወዳለበት እንድወስዳት መከረችኝ። የምንኖረው ከክልሉ ሁለተኛ በሆነው አየር ውስጥ መሆኑን ልነግራት አስቤ ተውኩትና ባለቤቴን ደግፌ ላስነሣት ተመለስኩ።

ልጃችን መጥታ ወሰደቻት። የምትኖረው ሩቅ ከተማ፣ ፎቅ ላይ፣ ከባሏና ከልጆቿ ጋር በሁለት ክፍል ነው፤ ለእናቷ ከልጆቹ አልጋ አንዱን ለቀቁላት፤ ለእኔ የሚሆን ቦታ አልነበረም፤ ቢኖርም አማች ቤት እግር ዘርግቶ መቀመጥ እንዴት እንደሚከብድ ያውቁታል። ቤቱን ሸጠን ሌላ ቦታ እንዳንገባ የሚገዛ የለም። ሊያዩት የሚመጡት እሑድ ነው፤ ምድጃው ግን እሑድም አያርፍም፤ በሩ ላይ ቆመው አፍንጫቸውን ይይዙና ስልካቸው እንደጠራ ሰው ይሄዳሉ። ባለቤቴ ስትሄድ የስፌት መኪናዋን አልወሰደችም። እመለሳለሁ ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ስለዚህ መስፋት ባልችልም ዘይት እቀባዋለሁ፤ ጥላሸቱን እጠርግለታለሁ።

፭ኛ/ እልባት ስለሰጣችሁት ፋይል። ባለቤቴ ከሄደች በኋላ በጭሱ ምክንያት ከቤቷ መሰደዷን ጠቅሼ አቤቱታ አስገባሁ። ለዚህኛው መልስ መጣ፤ በሥራ ዘመኔም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያማረ ደብዳቤ አላየሁም። «ተጎጂ የተባሉት ግለሰብ አካባቢውን መልቀቃቸው በመረጋገጡና የተጋላጭነት ሁኔታው በዚሁ የተወገደ በመሆኑ፣ ጉዳዩ እልባት ያገኘ ሆኖ ፋይሉ መዘጋቱን እናስታውቃለን» ይላል። ፊርማ አለው፤ ማኅተምም አለው። ጊዜ ወስዶ ያረቀቀው ሰው አለ። ሌላው አንብቦ ያጸደቀው፣ ሌላዋ የተየበችው፣ ሌላው ቁጥር የሰጠው አለ፤ በዚህ ሁሉ እጅ ሲያልፍ አንድም ሰው ቆም ብሎ አላሰበም። ከዚያ ወዲህ ባወጣችሁት ሪፖርት ላይም ባለቤቴ መፍትሔ ካገኙ አቤቱታዎች ጋር ተቆጥራለች።

እዚህ ላይ ትሕትናዬ ትንሽ ስላነሰችብኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እናንተ የተወገደ ሁኔታ ያላችኋት ሚስቴ ናት። ናፍቃኛለች። በአንድ ሳህን ስንበላ የኖርን ሰዎች ነን፤ አሁን ብቻዬን ቆሜ ነው የምበላው፤ ከተቀመጥኩ የእሷ ወንበር ፊት ለፊቴ ስለሚሆን። ስሞታ ስጽፍ የከረምኩት እሷን ከሰፈሩ እንድታወጡልኝ ሳይሆን ጭሱን እንድታወጡልን ነበር። ምናልባት አጻጻፌ ግልጽ አልነበረም ይሆናል።

ስድስተኛም ነበረኝ፤ ስለ ውሃው ነበር። ደክሞኛል፤ ይቅር።

የመጣሁበትን ጉዳይ በአጭሩ ላቅርብ። በሚቀጥለው ወር የፋብሪካው ፈቃድ እንደገና ለእድሳት ከጠረጴዛዎ ላይ እንደሚቀርብ ሰምቻለሁ። ከማመልከቻው ጋር የተያያዘው ዋና ማስረጃም የእኔ ግቢ መሣሪያ የሰጠችው ንጹሕ ውጤት ነው። እርስዎ ከፈረሙ ባለቤቴ ወደ ቤቷ አትመለስም፤ ዕድሜያችንም ሌላ እድሳት ለመጠበቅ አይበቃም። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ወደ ቤቴ ብቅ እንዲሉ እለምናለሁ። ሸራው ይነሣ ብዬ ደንብ እንዲጥሱ አላስገድድዎትም፤ ንብረቱም እንዳለ ይቀመጥ። ሥራ በሚሠሩበት ቀን መጥተው በባለቤቴ ወንበር ላይ፣ መስኮቱን ከፍተው፣ አንድ የተማሪ ልብስ ተሰፍቶ የሚያልቅበትን ጊዜ ያህል ብቻ ይቀመጡልኝ። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ቢመጡ ደስ ይለኛል።

ከጭስ በሚጠበቅ ንብረት ባለአደራነቴ የምኮራ፣ ከክልሉ ሁለተኛ የሆነውን አየር ያለ አንዳች ክፍያ የምተነፍስ፣ እልባት ያገኘች ሴት ባል፣ የማያቋርጠው ጥበቃዎ ያልተለየኝ፣ ለሚጽፉልኝ መልስ ቦታ በመሳቢያዬ ያዘጋጀሁ፣ ትሑት አገልጋይዎ፣

የመዝገብ ቤቱ ጡረተኛ፣ ከጋሼ ጀርባ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤቴ የእናንተን አዲስ መግለጫ የልጅ ልጃችን ከስልክ ላይ አንብባላት፣ ሸራው ወልቆ መስሏት፣ አየሩ ንጹሕ ከሆነ ልመለስ ወይ እያለች በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ከተጋባን ጀምሮ ዋሽቻት ስለማላውቅ፣ ብሞክርም ከድምፄ ስለምታውቅብኝ፣ የቢሮዎን ቀጥታ ስልክ ሰጥቻታለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ትደውልልዎታለች። በማኅተም ያረጋገጡትን በአንደበትዎ «አየሩ ንጹሕ ነው፤ ወደ ቤትዎ ይግቡ» ብለው ይንገሩልኝ። አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ጊዜ ይወስድባታል፤ መካከል ላይ ሳሉ ሲይዛት ጨረሰች ብለው እንዳይዘጉባት አደራ።